ከባለዕዳቸው የሸሹት አበዳሪ

ባለዕዳ ከአበዳሪው ሲደበቅ ሁላችሁም አይታችኋል። ስልክ አያነሳም፣ መንገድ ይቀይራል፣ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ «የለም በሉት» ያስብላል። አበዳሪ ከባለዕዳው ሲሸሽ ያየሁት ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያውም አበዳሪው ስልሳውን ያለፉ፣ ልጅ የዳሩ ሰው፤ ባለዕዳዋ እኔ፤ ገንዘቡም በእጄ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከፌርፋክስ ተነስተን እስከ ሃውቶርን ድረስ ዓርብን ሙሉ እሳቸው ሲሸሹ እኔ ስከተል ዋልን። እስካሁን ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን አልሳቅኩም።

ያኔ የከሰርኩ ሴት ነበርኩ። ለወግ ያህል ከሰርኩ ማለቴ አይደለም፤ በፍርድ ቤት ወረቀት የተረጋገጠ ኪሳራ ነው። ሥራዬ ለሠርግ፣ ለልደትና ለምርቃት ድንኳን፣ ወንበርና ጠረጴዛ ማከራየት ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሐበሻ ድግስ ባለበት ሁሉ የኔ ነጭ ወንበሮች ነበሩ ብል ብዙ አላጋነንኩም። ሥራው ደራ ሲል ልቤም አብሮ ደራ። ትልቅ መጋዘን ተከራየሁ፤ ትራክ ወሰድኩ፤ ድንኳንና መብራቱን በክሬዲት ካርድ ገዛሁ። ብዙም ሳይቆይ አዳራሾቹ ወንበሩንም ጠረጴዛውንም ከአዳራሹ ኪራይ ጋር አጠቃልለው ራሳቸው ማቅረብ ጀመሩ። የኔ ወንበሮች መጋዘን ውስጥ ተደራርበው ቀሩ፤ የመጋዘኑ ኪራይ ግን በየወሩ መምጣቱን አልተወም።

ጋሼ ሰይድ ያበደሩኝ ያኔ ነው። ፌርፋክስ ላይ ቅመም፣ ሽቶና የአገር ልብስ የሚሸጡ የወሎ ሰው ናቸው። ከሱቁ በስተኋላ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሰው ሱሪ ያሳጥራሉ፣ የጠበበ ቀሚስ ያሰፋሉ። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እነሱ ሙስሊም ናቸው። የተዋወቅነው ልጃቸውን ሲድሩ ድንኳን የተከልኩላቸው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሱቃቸው ሳልፍ ሳልገባ አላልፍም ነበር።

አንድ ቀን ጋሼ ሰይድ ፊቴን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እስከ በሩ ሸኙኝ። በሳምንቱ ጠርተው አሥራ ሁለት ሺህ ዶላር ሰጡኝ። ፊርማ የለ፣ ምስክር የለ፤ ወለድማ በእምነታቸው ሐራም ነው።

«ለሐጅ ያጠራቀምነው ነው» አሉኝ። «ገና ስለሚቀረን ዘንድሮ አንሄድም። እስከዚያ ሥሪበት።»

ሠራሁበት። መጋዘኑን ጥቂት ወራት አቆየው እንጂ አላዳነውም።

ኪሳራዬን ለፍርድ ቤት አመልክቼ ባንክራፕሲ ስገባ ጠበቃዬ ራሔል፣ እዚሁ ያደገች ሐበሻ ነች፣ አስጠነቀቀችኝ። «ያለብሽን ዕዳ ሁሉ ታስመዘግቢያለሽ። ይሄን ልተወው፣ ይሄኛው ዘመዴ ነው የሚባል ነገር የለም። እናትሽም ቢሆኑ ያበደሩሽ ይጻፋሉ።»

ሄጄ ለጋሼ ሰይድ ነገርኳቸው። ስማቸው እንደሚጻፍ፣ ከፍርድ ቤት ደብዳቤ እንደሚደርሳቸው፣ እኔ ግን እንደማልረሳቸው አስረዳኋቸው። «አብሽሪ፣ ጻፊ» አሉኝ። የገባቸው መሰለኝ።

ከወራት በኋላ የመጨረሻው ውሳኔ መጣ። ዕዳዬ ተሰርዟል፤ የክሬዲት ካርዱም፣ የመጋዘኑም፣ የጋሼ ሰይድም። ለእኔ የመጣው ወረቀት ለአበዳሪዎቼ ሁሉ ተላከ። ያን ሰሞን የሆቴል ድግስ ክፍል ውስጥ ሥራ አግኝቼ ነበር፤ የሌላ ሰው ወንበር መደርደር ማለት ነው። የመጀመሪያው ደመወዜ እንደገባ ለባለቤቴ ለዳንኤል ሐሳቤን ነገርኩት። እሱ የኤርፖርት ሸትል ነጂ ነው።

«ዳኛው ነጻ ነሽ ብሎሻል» አለኝ። «ሰው ከዚህ ለመውጣት ይጸልያል፣ አንቺ ተመልሰሽ ልትገቢ ነው?»

«ለካርዶቹ አልከፍልም። እነሱ ሰው እንደሚከስር አውቀው ነው ወለዱን የሚቆልሉት። ለሁለት ሰዎች ግን እከፍላለሁ። ለሚጌልና ለጋሼ ሰይድ።»

ሚጌል ወንበር ሲጭንልኝና ሲያወርድልኝ የኖረ ሜክሲኳዊ ነው፤ የመጨረሻ ደመወዙ ቀርቶብኝ ነበር። ዳንኤል በጣቶቹ ማስላት ጀመረ።

«ሶ ለጋሼ ሰይድ በወር ስንት ልትሰጫቸው ነው?»

«ሦስት መቶ።»

«ሁለት መቶ ሃምሳስ?»

«ዳኒ።»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ሦስት መቶ።»

ሚጌል ምንም ሳያስቸግረኝ ተቀበለኝና አቀፈኝ። ቀላል ነው ለካ አልኩ። ችግሩ ጋሼ ሰይድ ዘንድ ነበር። ስደውል አያነሱም። ድሮ እኔን ሳያዩ ሲቀሩ «ጠፋሽ» ብለው የሚደውሉ ሰውዬ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ አይተውኝ ወደ ማዶ ተሻገሩ። የማውቃት አንዲት ሴት ደግሞ «ሰይድን ምን አድርገሻቸው ነው? ስምሽ ሲነሳ ፊታቸው ይለዋወጣል» አለችኝ። ጠልተውኛል፣ ዓይኔን ማየት ቀፍፏቸዋል ብዬ ደመደምኩ። ከኪሳራው ሁሉ ይሄኛው ባሰኝ።

ዓርብ ከሥራ ዕረፍት ነበርኩ። ሦስት መቶ ዶላሩን በፖስታ አድርጌ ጠዋት ወደ ፌርፋክስ ነዳሁ። ከሱቁ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ መንገዱን ስሻገር በመስተዋቱ ውስጥ ጋሼ ሰይድ ይታዩኛል፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው በርበሬ ይመዝናሉ። ቀና አሉ። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ማንኪያውን በርበሬው ውስጥ ጥለው በኋላው በር እልም አሉ። በሩን ከፍቼ ስገባ ሚዛኑ ገና ይወዛወዛል።

እትዬ ዘይነባ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«አሁን እዚህ አልነበረም እንዴ?» አሉ።

«እኔን አይተው ወጡ መሰለኝ።»

«ሰውዬው ምን እንደነካው እንጃ። ትናንት ደሞ ስምሽን ባነሳ ላብ ላብ አለው። ምን ተባብላችሁ ነው?»

«ምንም። ለእርስዎም አልነገሩዎትም?»

«ሴት አያውቅም ብሎ ነው እንጂ ይሄኔ ለከማል ነግሮታል» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ከማል የጋሼ ሰይድ የእህት ልጅ ነው፤ ታክሲ ነጂ፣ የማያውቀው ነገር የሌለ ጎልማሳ። «ለጁምዓ መስጊድ ይሄዳሉ። እዚያ ታገኚዋለሽ።»

ሄድኩ። ከመስጊዱ ማዶ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኩ። በሕይወቴ ለሰው አሸምቄ አላውቅም፤ የሚያልፈው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ሶላቱ አልቆ ሰዉ መውጣት ሲጀምር ወርጄ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ነጭ ኮፍያ ካደረጉት መካከል ጋሼ ሰይድን ለየኋቸው። እሳቸውም ለዩኝ። ዞር ብለው ተመልሰው ገቡ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ረጅም ሱዳናዊ የሚመስል ሰው ወጣ፤ ከጀርባው ተጣብቀው ጋሼ ሰይድ። ሰውዬው ሲራመድ ይራመዳሉ፣ ሲቆም ይቆማሉ።

«ጋሼ ሰይድ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያናግሩኝ» አልኩ።

«ሰላም ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ባልሽ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ ሳይቆሙ። ከማል መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃቸው ኖሮ ዘለው ገቡና ሄዱ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እንባዬ መጣ። ተመልሼ ቤቴ ልሂድ አልኩ፤ ፖስታውንም ለእትዬ ዘይነባ ትቼ ልገላገል። ግን ገንዘቡን ማድረስና ከሰው ጋር መታረቅ አንድ አይደለም። መኪናዬን አስነስቼ ተከተልኳቸው።

ወደ ቤታቸው፣ ወደ ሃውቶርን እየሄዱ ነው። ፍሪዌይ ገቡ፤ ገባሁ። የዓርብ ከሰዓቱን የሎስ አንጀለስ ትራፊክ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መንገዱ ቀጥ አለ። የኔ መስመር ትንሽ ተንፏቀቀ፣ የእነሱ ቆመ፤ ሳላስበው ጎን ለጎን ሆንን። በመስኮቴ ስመለከት ጋሼ ሰይድ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠዋል። ቀጥ ብለው ፊት ለፊት ያያሉ፤ አንገታቸውን እንኳ አያዞሩም። መስኮቴን አወረድኩ። የእነሱ ተዘግቷል። ፖስታውን አውጥቼ እያወዛወዝኩ አሳየኋቸው፤ ከውስጡም ብሩን ትንሽ ብቅ አደረግኩላቸው። ይሄኔ ጋሼ ሰይድ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸው ላይ ጋረዱና ወንበራቸው ውስጥ ሰመጡ። ከማል በእጁ «ሂጂ፣ ሂጂ» ይለኛል። የት ልሂድ፤ ከፊትም ከኋላም መኪና ነው። እንደዚያ ጎን ለጎን ብዙ ቆየን። ከኋላዬ ያለች አሜሪካዊት የፍቅር ነገር መስሏት ነው መሰለኝ አውራ ጣቷን አነሳችልኝ።

አፓርትመንታቸው ስደርስ ከማል አውርዷቸው ሄዷል። ደረጃውን ወጥቼ አንኳኳሁ። አልተከፈተም። ደግሜ አንኳኳሁ። ከበሩ ጀርባ የእግር ኮቴ ይሰማኛል።

«ጋሼ ሰይድ፣ እንዳሉ አውቃለሁ። አይክፈቱልኝ ግድ የለም፤ ግን ይስሙኝ። ከጠሉኝም ጠልቼሻለሁ ይበሉኝና ልሂድ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ እንደ ዜና አንባቢ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «እኔ ሰይድ፣ ከሂሩት ምንም ገንዘብ አልጠየቅኩም። ዛሬም አልጠየቅኩም፣ ወደፊትም አልጠይቅም። ይሄ ይቀዳ።»

«ምኑ ነው የሚቀዳው?»

«በስልክሽ እየቀዳሽ እንደሆን ነዋ። በትክክል ይቀዳ።»

«ኧረ እኔ ምንም አልቀዳሁም።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት አልገባም፣ ልጄ። ኩላሊቴ ብርድ አይችልም።»

መጀመሪያ የሰማሁት አልገባኝም። ከጎን ያለችው ጎረቤት በሯን ከፍታ አየችን፤ ሰላም አልኳት፤ ዘጋች። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና በተዘጋው በር በኩል ቀስ እያልኩ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ደብዳቤው የደረሳቸው ዕለት ከማል አንብቦላቸዋል። አርማ የታተመበት የፌዴራል ፍርድ ቤት ወረቀት ነው፤ አናቱ ላይ የኔ ስም፣ አድራሻው ላይ የእሳቸው። «ይቺን ሴት ገንዘብ የጠየቀ፣ የደወለ፣ ያስጨነቀ በሕግ ይጠየቃል ይላል» ብሏቸዋል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ከማል ግን ከራሱ ጨመረበት። «ብሩን ይዛ ብትመጣ እንኳ እንዳትነካ፤ ማጥመጃ ነው። የተቀበልክ ዕለት ያስሩሃል።»

«እኔ አጠምድዎታለሁ፣ ጋሼ?»

«አንቺ አታጠምጂኝም። የላኩሽ ሰዎች ናቸው» አሉ።

የሚያስለቅሰኝና የሚያስቀኝ አንድ ላይ መጣ። ስንት ቀን ጠልተውኛል ብዬ የተብሰለሰልኩት፣ ለካ ሰውዬው እኔን ፈርተው ነው። ጥላቻ አለመሆኑን ሳውቅ ከላዬ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ።

ይሄን ጊዜ እትዬ ዘይነባ ሱቁን ዘግተው ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። እኔን ደረጃ ላይ፣ ባላቸውን ከበር ጀርባ አገኙን።

«ምንድን ነው እናንተ፣ በበር ነው የምታወሩት?» አሉና ቁልፋቸውን አውጥተው ከፈቱ። ጋሼ ሰይድ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ቆመዋል። «እጅህን አውርድ፣ ሰውዬ። ማን ተኮሰብህ?»

ገብተን ተቀመጥን። ለራሔል ደወልኩና ድምፁን ለሁላችንም ከፈትኩት። ነገሩን ሳስረዳት ሳቋን ለመያዝ ስትታገል ይሰማል።

«ጋሼ ሰይድ፣ ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ እንዳይጠይቋት ነው የተከለከሉት። እሷ በገዛ ፈቃዷ ብትሰጥዎት የሚከለክላት የለም። እርስዎም ቢቀበሏት ማንም አይነካዎትም።»

«አንቺ ጠበቃ ነሽ?»

«አዎ።»

«የእሷ ነሽ ወይስ የመንግሥት?»

«የእሷ።»

«በአሏህ በይ።»

«በእግዚአብሔር ስም» አለች ራሔል፤ ክርስቲያን ናት። ጋሼ ሰይድ ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱም ይበቃል እንደማለት ነው።

አበቃ ብዬ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ በአንድ ጣታቸው ወደኔ መልሰው ገፉት።

«ሕጉ ገባኝ» አሉ። «አሁን ደሞ ሌላ ነገር አለ። ያ ደብዳቤ የመጣ ማታ ሰገድኩና ለአሏህ ብዬ ይቅር አልኩሽ። ፈርቼም ይሁን አዝኜ ብቻ ብያለሁ። ለአሏህ ብዬ የተውኩትን መልሼ አልበላም። ሐጁን እሱ ካለ ሌላ መንገድ ያመጣል።»

ምን ይባላል? ሰው የከለከለኝን በሕግ ላስረዳ እችላለሁ፤ ለፈጣሪ የሰጡትን ግን በምን አፌ? ፖስታውን አንስቼ ልነሳ ስል እትዬ ዘይነባ ሻርፓቸውን እያጣጠፉ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ሰይድ፣ ያ የሐጅ ገንዘብ የማን ነበር?»

«የኛ ነዋ።»

«የኛ ማለት?»

«ግማሹ የኔ፣ ግማሹ ያንቺ።»

«ይቅር ስትል እኔን ጠየቅከኝ?»

ጋሼ ሰይድ ጣራውን አዩ። «አልጠየቅኩሽም።»

«እኔ በዚያች መኪና የስንቱን ሱሪ አሳጥሬ ነው ያጠራቀምኩት። አንተ የራስህን ይቅር በል፣ አሏህ ይቀበልህ። እኔ ይቅር አላልኩም።» ወደኔ ዞሩና እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው፣ ልጄ።»

ሰጠኋቸው። ቆጥረው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ጋሼ ሰይድ ሚስታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። ራሔልን ስልኩ ላይ ረስተናት ኖሮ እሷም ከወዲያኛው ጫፍ ትስቃለች። ማታ እራት ሳልበላ አልለቀቁኝም፤ ከማልም ተጠርቶ መጣና አፉን ይዞ ሲሰደብ አመሸ።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ ለእትዬ ዘይነባ ከፈልኩ። ሥራዬ ሲሻሻል ጨመር አደረግኩ። የእሳቸው ግማሽ ሲያልቅ በጋሼ ሰይድ ግማሽ እንደገና ሙግት ገጠምን። እሳቸው አልነካም፣ እኔ አልተውም። የፈረዱት አሁንም እትዬ ዘይነባ ናቸው። «ዕዳ አይቀበልም፤ ስጦታ ግን ነቢያችንም ይቀበሉ ነበር። ስጦታ ስጪው» አሉኝ። ስለዚህ ጋሼ ሰይድ በየወሩ ከኔ ስጦታ ይደርሳቸዋል። ሲቀበሉ ደንግጠው «ምነው፣ ምን ታስቤ ነው?» ይሉኛል፤ በየወሩ።

አንባቢዎቼ፣ ይሄን የማወጋችሁ የከሰረ ሁሉ ለሁሉ ይክፈል ለማለት አይደለም። ሕጉ ምሕረት ነው፤ ባይኖር ኖሮ እኔ ዛሬ ቀና ብዬ አልሄድም። ለካርዶቹ ስላልከፈልኩ አንድም ሌሊት እንቅልፍ አላጣሁም። ነገር ግን ከስማችሁ በቀር መያዣ ሳይጠይቅ የሰጣችሁ ሰው ካለ፣ እሱን ዳኛው አያውቀውም፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ለእሱ የምትከፍሉት ትንሽ ቢሆን እንኳ ሂዱና አንኳኩ። ዝም ቢላችሁም ጠላኝ ብላችሁ አትቸኩሉ። ምናልባት ከበሩ ጀርባ እሱም እናንተን ፈርቶ ይሆናል። እኔ ከኪሳራው በኋላ የሰው ዓይን ማየት አቅቶኝ ነበር፤ ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ፌርፋክስ ላይ በሙሉ ወገቤ ነው የምራመደው።

ይሄን የምጽፍላችሁ ከጋሼ ሰይድ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጬ ነው። የኔ ክፍያና የራሳቸው ቁጠባ ተደምሮ ባልና ሚስቱ ዘንድሮ ሐጅ ሄዱ። ሊሄዱ ሲሉ ጋሼ ሰይድ የሱቁን ቁልፍ ለከማል ይሰጣሉ ስል ለኔ ሰጡኝ። ከሆቴሉ ፈቃድ ወስጄ ሱቁን ያዝኩ። ዛሬ ጠዋት አንድ የማላውቀው ሰው በርበሬ ሊገዛ መጣ።

«ባለቤቱ የሉም?» አለኝ።

«ሐጅ ናቸው።»

«አንቺ ልጃቸው ነሽ?»

«አይደለሁም። ባለዕዳቸው ነኝ።»

የሰማውን ያላመነ ይመስላል፤ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ባለዕዳ ካዝና ላይ አስቀምጠው ሄዱ?»

«አዎ» አልኩትና በርበሬውን መዝኜ፣ መልሱን ቆጥሬ ሰጠሁት።